ሁለት ሰከንድ ለማየት

ባለቤቴ የባሕር ዳርቻ ፈልጋ ነበር። እኔ ደግሞ አውሮፕላን። በአስራ አንድ ዓመት ትዳራችን ሁለታችንንም እኩል ያስደሰተ ጉዞ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ካሪቢያን ውስጥ ሴንት ማርተን የምትባል ደሴት አለች፣ እዚያ ሁለቱም አንድ ቦታ ይገኛሉ። ቦታው ማሆ ይባላል። ነጭ አሸዋ አለ። ከአሸዋው ጀርባ አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። ከመንገዷ ጀርባ የሽቦ አጥር፣ ከአጥሩ ጀርባ የአውሮፕላን መንደርደሪያ። በቃ፣ በመሃል ሌላ ነገር የለም። ከባሕር በኩል የሚመጣ አውሮፕላን መሬት ለመንካት የግድ በዋናተኞቹ ራስ ላይ ማለፍ አለበት።

ቪዲዮውን አይታችሁት ይሆናል። በዋና ልብስ የቆመ ሰው አናት ላይ ግዙፍ አውሮፕላን ጎማውን ዘርግቶ ሲያልፍ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጊዜ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ የገጣጠመው ነበር የመሰለኝ። እውነት መሆኑን ካወቅኩ በኋላ ግን አልለቀቀኝም። ለባለቤቴ ስንቴ እንዳሳየኋት አላውቅም። ባለፈው የካቲት ትኬት ስንቆርጥ "ለእኔ ብለህ እንዳይመስልህ፣ ለማን እንደምትሄድ አውቃለሁ" አለችኝ።

የሚገርመው፣ ማሆን መጀመሪያ ያለፍኳት ከላይ ነው። ከቨርጂኒያ ተነስተን በሻርለት በኩል ነበር የሄድነው። መስኮት ጋ ተቀምጬ አንገቴ እስኪጣመም ወደ ታች አያለሁ። ውሃ። አሁንም ውሃ። የውሃው ቀለም እየሳሳ መጣና ከሥር ያለው አሸዋ ታየኝ። ጎማችን ባሕሩን ሊነካው ነው ብዬ ስጨነቅ የሆነ ባለቀለም ነገር፣ ጃንጥላ ይሁን ሰው እንጃ፣ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ወዲያው ጎማው መሬት መታ። አለቀ። ከታች ያሉት ሰዎች ይሄኔ እየጮኹ፣ እያውለበለቡ፣ ስልካቸውን እኛ ላይ ደግነው ነበር። እኔ አንድም ሰው አላየሁም። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌማ ጭራሽ እንቅልፍ ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ጠዋት ፎጣችንን ይዘን ወረድን።

ቦታው ከጠበቅኩት ትንሽ ነው። ስፋቱ የአንድ ደህና ግቢ ያህላል፣ ርዝመቱም በእግር ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው። ጥግ ላይ አንድ መጠጥ ቤት አለ። ደጁ ላይ አሸዋው ውስጥ የተተከለ ሰርፍቦርድ ቆሟል፣ በሞገድ ላይ የሚንሸራተቱበት ሰሌዳ ማለቴ ነው። እሱ ላይ የዕለቱ ትልልቅ በረራዎች ሰዓት ተጽፏል። ሰዉ እየመጣ ሰሌዳውን ያነባል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። ድሮ አራት ኪሎ ሎተሪ የወጣለትን ቁጥር ለማየት ሰሌዳ ሥር የሚሰበሰበውን ሰው አስታወሰኝ። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ያው ነው።

ይሄ ሁሉ ግን ለትርኢት ተብሎ የተሠራ አይደለም። ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 የወታደር መንደርደሪያ ሆኖ ነው የጀመረው። በዓመቱ ለሲቪል ተከፈተ። በ1944 የሆላንድ አልጋ ወራሽ ልዕልት ዩሊያና እዚያ አረፈች፣ ስሙም እስከ ዛሬ በእሷ ነው የሚጠራው። ደሴቷ ከዳር እስከ ዳር ወደ 88 ካሬ ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ እሷንም ሆላንድና ፈረንሳይ ከ1648 ጀምሮ ተካፍለዋታል። አብዛኛው መሬቷ ተራራ ነው። ሜዳ የተገኘው በሐይቅና በባሕር መሃል ብቻ ስለሆነ መንደርደሪያውን እዚያው ወሸቁት። ርዝመቱ 2300 ሜትር ነው።

ይህ ቁጥር ሲነበብ ምንም አይመስልም። የቦሌው ረጅሙ መንደርደሪያ 3800 ሜትር ነው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ክንፉ እስኪሸከመው ብዙ መሮጥ አለበት። ማሆ ባሕሩ አፍ ላይ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ባጭሩ ይነሳል። አሸዋው ላይ ተጋድሜ ይህን ሳሰላ አንድ ነገር መጣልኝ። የማሆን መንደርደሪያ ነቅላችሁ ከባሕሩ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ብታቆሙት ጫፉ ቦሌ ለመድረስ ትንሽ ነው የሚቀረው። ለባለቤቴ ነገርኳት። መነጽሯን እንኳ ሳታነሳ "እሺ" አለችኝ።

ነፋሱ ደግሞ አለ። እዚያ አካባቢ ነፋስ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅ ነው የሚነፍሰው። አውሮፕላን የሚያርፈውም የሚነሳውም ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ነው። ስለዚህ የሚመጣው በምዕራብ፣ በማሆ በኩል ይገባል። የሚሄደውም እዚያው ማሆ ጫፍ ድረስ መጥቶ፣ ጀርባውን ለአሸዋው ሰጥቶ ነው የሚነሳው። ሲመጣ ሆዱን ያሳያችኋል፣ ሲሄድ በሞተሩ ይተነፍስባችኋል። ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

መጀመሪያ ትንንሾቹ መጡ። አንዷ በስተደቡብ በኩል ከባሕሩ መሃል እንደ ጉልላት ብቅ ካለች ደሴት የምትመላለስ ባለ ሁለት ሞተር ናት። የደሴቷ ስም ሳባ ነው። ንግሥቲቱን አትፈልጓት፣ የለችም። ያላት መንደርደሪያ 400 ሜትር ብቻ ነው፣ ከገደል እስከ ገደል። የእሷ አብራሪዎች ማሆ ሲደርሱ መስቀል አደባባይ የገቡ ሳይመስላቸው አይቀርም። ለእነዚህ ትንንሾች ማንም ቀና አይልም። ልጆች ብቻ ያውለበልቡላቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ተለወጠ። የፓሪሱ ሊመጣ ነው ተባለ። ማን እንዳለ አላውቅም፣ ሰሌዳውን ያነበበ ሁሉ ለሌላው ይነግራል። የተኛው ተነሳ። ውሃ ውስጥ ያለው ወጣ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አለ፣ ማማው ከአብራሪዎቹ ጋር የሚነጋገረውን ያሰማል። ሁሉም ጆሮውን ቀሰረ። አድማሱ ላይ አንዲት ነጥብ ታየች፤ ነጥቧ መብራት ሆነች። መብራቱ ለረጅም ጊዜ ባለበት ነው የቆመው፣ ወደ እኛ እየመጣም አይመስልም። ከዚያ ክንፍ አወጣ፣ እግር አወጣ።

ሰው ጩኸት የሚጠብቀው በዚህን ጊዜ ነው። ግን ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። የሚያርፍ አውሮፕላን ሞተሩን ቀንሶ ስለሚመጣ እንደ ፉጨት ያለች ነገር ብቻ ናት የምትሰማው። በየ19 ሜትሩ አንድ ሜትር እየወረደ ይመጣል፣ ሦስት ዲግሪ የሚሉት ቁልቁለት ማለት ነው። አሸዋው ላይ ሲደርስ ከአምስት ስድስት ፎቅ ሕንፃ አይበልጥም ከፍታው። ሆዱን አየሁት። ነጭ ነው ብዬ የማስበው ሆድ ቆሽሿል። የዘይት መስመር አለው፣ የተጠጋገነ የሚመስል ቦታ አለው። የጎማዎቹ ሶል እንደ አሮጌ ታክሲ ጎማ ሙልጭ ያለ ነው። አንዱ የጎማ ቤት መዝጊያ ላይ የተጻፈ ቁጥር ማንበብ የምችል መሰለኝ። ጥላው መጥቶ ገረፈኝና አለፈ። በሰከንድ ወደ 70 ሜትር ነው የሚሄደው፣ አሸዋውን ለመሻገር አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ራሳችሁ ላይ እስኪያልፍ ሌላ አንድ ሰከንድ። ጠቅላላ ሁለት። ለዚህች ሁለት ሰከንድ ሰዉ ጠዋት መጥቶ ሲጠብቅ ነበር።

ካለፈ በኋላ ነው ሁሉም የሚመጣው። ነፋሱ አሸዋውን አንስቶ ፊታችሁ ላይ ይበትነዋል። ከአጥሩ ማዶ ጎማው መሬት ሲነካ ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲያገሳ ደረታችሁ ውስጥ ይሰማችኋል። ከሁሉም በኋላ ደግሞ ሽታው። አውሮፕላን የሚጠጣው ከነጭ ጋዝ ብዙም የማይለይ ነገር ነው። ማሆ ላይ፣ ጢም ብሎ በሞላ ቱሪስት መሃል፣ የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ። የነጭ ጋዝ ምድጃው፣ የጠቆረው ግድግዳ፣ ከላይ የተጣደው ድስት።

ያደግኩት ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ነው። አውሮፕላን ለእኛ ብርቅ አልነበረም፣ የቆርቆሮ ጣሪያችን እስኪንቀጠቀጥ ያልፋል። ግን አንድም ጊዜ ለጨዋታ ያየሁት አይመስለኝም። አውሮፕላን ማለት የሚሄድ ሰው ማለት ነበር። ሻንጣው በገመድ ይታሰራል፣ በርበሬና ሽሮው በፌስታል ላይ ፌስታል ይጠቀለላል፣ ሠፈሩ በአንድ ሚኒባስ ተጭኖ ይሸኛል። የማይበር ሰው ወደ ውስጥ ስለማይገባ ለቅሶው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። እህቴ ቤሩት የሄደች ለት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሸኝተናት ስንመለስ አጥር ላይ ወጣሁ። የእሷ የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም። ስለዚህ እስኪጨልም ያለፈውን ሁሉ አውለበለብኩለት። ሦስቱ እንደውም የሚገቡ ነበሩ፣ የሚሄዱ አልነበሩም። ይህን የነገረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ስቆብኝ።

እናቴ ደግሞ የራሷ ልማድ አላት። አውሮፕላን በሰማች ቁጥር የያዘችውን ታቆምና "በሰላም ያግባቸው" ትላለች። ሽንኩርት እየከተፈችም ይሁን ከጎረቤት እየተጣላች። ማን እንዳለበት አታውቅም። ሰው እንዳለበት ግን ታውቃለች።

ለዚህ ነው መሰለኝ ማሆ ላይ የሰዉ ጩኸት መጀመሪያ ግራ ያጋባኝ። አውሮፕላን እያዩ እልል ሲሉ! ውስጡ የሚያውቁት ሰው የለም፣ የሚሸኙት የለም፣ የሚቀበሉት የለም። እንዲሁ ትልቅ ነገር በቅርብ ስላለፈ ብቻ ነው ደስታው። ቨርጂኒያ ውስጥም እንዲህ ያለ ቦታ አለን። ግራቭሊ ፖይንት ይባላል፣ ዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ ጫፍ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር። ኡበር በምነዳበት ጊዜ እዚያ እያቆምኩ ምሳዬን እበላ ነበር። ከኛ ልጆች የማታጡበት ቀን የለም፣ በተለይ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ነጠላውም እንደለበሱ። ግን እዚያም ቢሆን ወሬያችን ሁሌ ያው ነው። ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ የማን እናት ቪዛ አገኘች።

አሁን ስለ ሞተሩ እስትንፋስ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስህተት ሠርቻለሁ።

አጥሩ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ተሰቅሏል። የአውሮፕላን ሞተር ንፋስ ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል ይላል፣ የሚወድቅ ሰው ሥዕልም አለው። ከሥሩ ደግሞ ሰዎች አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ተሰልፈዋል፣ ንፋሱ እግራቸውን ከመሬት እንዲያነሳላቸው። እኔ እንደነሱ እብድ አይደለሁም ብዬ ራቅ አልኩ። አሸዋው ላይ፣ በጣም ራቅ ያልኩ መስሎኝ። አንድ መካከለኛ አውሮፕላን ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ፍሬን ይዞ ሞተሩን ከፍ አደረገ። መጀመሪያ ሙቀት መጣ፣ ቀጥሎ አሸዋ። አሸዋ ስላችሁ የሚበተን እንዳይመስላችሁ። እንደ መርፌ ነው። ጀርባዬን አዞርኩ፣ ባርኔጣዬ ሄደ፣ መነጽሬ ተከተለው። ከአጠገቤ የነበረ ፎጣ ተነስቶ ባሕሩ ላይ አረፈ። ባለቤቴ ከመጠጥ ቤቱ ሆና ሁሉንም ቀርጻዋለች። ባርኔጣውን አንድ ልጅ ዋኝቶ አመጣልኝ። መነጽሬ ካሪቢያን ውስጥ ቀርቷል።

እሱ የሚያስቅ ነው። ይሄኛው አያስቅም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 አጥሩን የያዘች የ57 ዓመት የኒውዚላንድ ጎብኚ በዚሁ ንፋስ ተወርውራ ሕይወቷ አልፏል። ያን ዓመት ማሆን ክፉ ዓይን ያየው ነው የሚመስለው። በመጋቢት አንድ የካናዳ አውሮፕላን ዝናብ ውስጥ ገብቶ፣ መንደርደሪያው ሊደርስ ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ከባሕሩ በላይ 12 ሜትር ላይ ተገኝቷል። አብራሪዎቹ አይተውት ወደ ላይ መለሱት፣ ቆየት ብለው በሰላም አረፉ። በመስከረም 6 ደግሞ ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። ከሚያውቁት ሁሉ የከፋው ነበር፣ አምስተኛ ደረጃ። የተርሚናሉን ጣሪያ ገነጣጠለው፣ የመንገደኞች በረራ እስከ ጥቅምት 10 ድረስ ቆመ። አሸዋውም ቢሆን ቋሚ አይደለም። ማዕበል ሲበረታ ባሕሩ ጠርጎ ይወስደውና ድንጋይ ብቻ ይቀራል፣ ሲለው ደግሞ ይመልሰዋል። ሰዉ አሁንም አጥሩን እንደያዘ ነው። ማስጠንቀቂያውን ተደግፎ ራሱን ፎቶ የሚያነሳ ሰው አይቻለሁ። ምን ትሉታላችሁ?

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ እሱም በራሴ ላይ ነው። ዘግይቻለሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ቪዲዮ ላይ ያለው አውሮፕላን የሆላንዱ ሰማያዊ ጃምቦ ነበር፣ ባለ አራት ሞተሩ 747። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 64 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ70 ሜትር በላይ። ከአምስተርዳም ማሆ ይመላለስ የነበረው እስከ ጥቅምት 2016 ነው፣ ከዚያ በሌላ ተተካ። እኔ የደረስኩት ጅብ ከሄደ በኋላ ነው። ደሴቷ ግን እሱን አልረሳችውም። ቲሸርቱ ላይ ያለው እሱ ነው፣ ፖስትካርዱ ላይ እሱ፣ ማግኔቱ ላይ እሱ። ከማረፊያው ሆቴላችን ያደረሱን ባለታክሲ ስለሱ ሲያወሩ እጃቸውን ከመሪው ላይ አንስተው ክንፉን ያሳያሉ። "አሁን የሚመጣው አውሮፕላን ነው። ያ ግን ሕንፃ ነበር" አሉኝ። በሁለት እጅ ቢነዱ ደስ ይለኝ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ለእናቴ ደወልኩ፣ በቪዲዮ። እዚያ ምሽት ሦስት ሰዓት ሆኗል፣ እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስልኩን አዙሬ ባሕሩን አሳየኋት። "ይሄ ሁሉ ውሃ!" አለች። አሸዋውን አሳየኋት፣ ሰዉን አሳየኋት። ራቁቱን የሄደው ሰው ሲበዛባት ዓይኗን ሸፈነች፣ በጣቷ መሃል ግን ታያለች። ከዚያ አድማሱ ላይ መብራቱ ታየ።

"እማዬ፣ አሁን እዪ። ትልቅ አውሮፕላን ሊመጣ ነው።"

"ማንን ልትቀበል ነው?"

"ማንንም። ለማየት ነው።"

ዝም አለች። ግንኙነቱ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ቀረብ አደረግኩት። አልተቋረጠም። ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠግታ፣ የአሮጌ መነጽሯ አንዱ ዘንግ በፕላስተር እንደታሰረ፣ ነጥቧን ትፈልጋለች።

"ዝም ብለህ ለማየት?"

"አዎ።"

"ከአሜሪካ ድረስ ሄደህ?"

መልስ ሳልሰጥ ደረሰ። ስልኩን ወደ ላይ ቀና አደረግኩት። ፉጨቱ፣ ጥላው፣ ነፋሱ፣ ከኋላ ሰዉ ሲጮህ። ከስልኩ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ለማዳመጥ ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

"በሰላም ያግባቸው" እያለች ነው።

"እማዬ፣ ገብተዋል እኮ። አርፈዋል። ይኸው ከአጥሩ ማዶ።"

"ይሁና" አለች። "እስኪወርዱ ድረስ ነው።"